ነጯ ኳስ ሞጣ ላይ አልመለስም አለች

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር እንስማማ። ስክሪንሾት የለም፣ ሼር የለም። በተለይ የመሥሪያ ቤቴ ሰዎች ይቺን ፖስት እንዳላያችሁ ሆናችሁ እለፏት!

ዛሬ ሞጣ ላይ ጉድ ሆኜ መጣሁ።

ቀላል ጉድ እንዳይመስላችሁ። ሰው በተሰበሰበበት፣ የተተኮሰ ሱሪ ለብሼ፣ ተንበርክኬ ጠረጴዛ ሥር ገብቼ፣ የወደፊት አማቴን ጫማ በቅርብ ርቀት እያየሁ ነው ጉድ የሆንኩት።

አዎ፣ አማቴ ብያለሁ። ቆይ፣ እንደርስበታለን።

ለማታውቁኝ፦ ቢቸና ነው የምኖረው። ቀን ቀን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሰርቬየር ነኝ፤ መሬት እለካለሁ። ከሥራ ስወጣ ደግሞ የፑል ኤክስፐርት ነኝ። ነበርኩ። «ነበርኩ» የምትለዋን ያዙልኝ።

የምታውቁኝማ ቪዲዮዎቼን ታውቃላችሁ። «ከሩቅ መትቶ ነጯን የመመለስ ጥበብ» የሚለው፣ ሰባት ክፍል ያለው። ሰባት! ምናለ አንዳችሁ እንኳ በቃህ ብትሉኝ?

ፑል ለማትጫወቱ ባጭሩ ላስረዳ። ነጯን በስቲክ ትመታታለህ፣ ነጯ ሌላዋን ኳስ ትመታለች፣ የተመታችው ጉድጓድ ትገባለች። እዚህ ድረስ ማንም ይችላል። ጨዋታው ያለው ነጯ ከዚያ በኋላ የት ትቆማለች የሚለው ላይ ነው። ዝቅ ብለህ ከሥሯ በኩል ከመታሃት ወደፊት እየሄደች ወደ ኋላ ትሽከረከራለች፤ ሌላዋን እንደነካች ተመልሳ ወደ አንተ ትመጣለች። ከቅርብ ሲሆን ብዙም አይከብድም። ከጠረጴዛው ጫፍ እስከ ጫፍ ሲሆን ግን ሽክርክሪቷ መንገድ ላይ ያልቅና፣ ነጯ ሌላዋን ተከትላ ጉድጓድ ትገባለች። ከሩቅ መትቶ የሚመልሳት ሰው በእኛ አካባቢ በጣት የሚቆጠር ነው።

ከጣቶቹ አንዱ እኔ ነበርኩ። በራሴ ቆጠራ።

እንዴት አላምን? የስመኘው ፑል ቤት እገባለሁ። ስመኘው ጓደኛዬ ነው፣ ቪዲዮዎቹ ላይ «ኧረ ተው አንተ ሰውዬ!» እያለ የሚጮኸው ድምፅ የሱ ነው። በበሩ በኩል እቆማለሁ። ማዶ መስኮቱ ሥር ያለችውን ኳስ እመታለሁ። ኳሷ ትገባለች። ነጯ ቆም ትላለች።

ከዚያ ቀስ ብላ...

ወደ እኔ!

ቤቱ በጩኸት ይናጋል። እኔ ስቲኬን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ወደ ካሜራው ዞር እላለሁ። «ዋናው ነገር ኮንፊደንስ ነው» እላለሁ። ኮንፊደንስ! አሁን ሳስበው ፊቴን በነጠላ ልሸፍን ምንም አይቀረኝም።

ክፍል አራት ላይ አንድ የሉማሜ ልጅ ኮመንት ጻፈልኝ። «ወንድሜ፣ ያልከውን ሁሉ አደረግኩ፣ እኔ ጋ ግን አልመለስ አለች። ጠረጴዛው ይሆን?» አለኝ። ልጁ በትሕትና ነው የጠየቀኝ።

ምን ብዬ መለስኩለት? «ጠረጴዛውን ተወውና እጅህን ፈትሽ።» ከሥሩ የሳቅ ኢሞጂ ደረደርኩበት። ላይኩም ጎረፈልኝ።

ይቺን ኮመንት እንዳትረሷት።

አሁን ወደ ባንቺአየሁ። ባንቺ ቢቸና የምትሠራ ፋርማሲስት ናት፣ የሞጣ ልጅ። ከተዋወቅን ሁለት ዓመት ሆነን። እወዳታለሁ፣ እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ነገ ሳይሆን በሚቀጥለው እሑድ ሦስት ሽማግሌዎች ወደ አባቷ ቤት ሄደው ሊጠይቁልኝ ቀጠሮ ተይዟል። ከሦስቱ አንዱ የቅኔ መምህር ናቸው፣ የኔታ። እሳቸው ለምነው እምቢ የተባሉበት ቤት የለም ይባላል።

ሁሉም ነገር ያለቀለት ነበር። እኔ አርፌ ብቀመጥ!

ወጉን ታውቁታላችሁ። ሽማግሌ ይሄዳል፣ ይለምናል፤ ወንዱ ቤቱ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል እንጂ ቀድሞ ሄዶ ፊቱን አያሳይም። ባንቺም አስጠንቅቃኛለች። «አንተ ሞጣ እንዳትደርስ። አባዬ የሚቸኩል ሰው አይወዱም» ብላኛለች።

ግን ያቺው ባንቺ አንድ ቀን ጨዋታ መሐል «አባዬ ግንበኝነቱን ካቆሙ ወዲህ ፑል ቤት ከፍተው ነው የሚውሉት። ከሩቅ መትተው ነጯን ሲመልሷት ብታይ!» አለችኝ።

እዚህ ላይ ነው ሰይጣን ጆሮዬ ላይ የተቀመጠው።

ፕላኑን ስሙልኝ። ማንነቴን ሳልናገር ሞጣ እሄዳለሁ። እንደ ማንኛውም መንገደኛ ፑል ቤታቸው እገባለሁ። ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ እመታለሁ፣ ነጯን እመልሳለሁ፣ አባትየው አፋቸውን ይዘው ይቀራሉ። እኔ ምንም እንዳልተፈጠረ ሰላም ብዬ እወጣለሁ። እሑድ ሽማግሌዎቹ ስሜን ሲጠሩና ፎቶዬ ሲወጣ «እንዴ! ያ ጎበዝ ልጅ!» ብለው ከመቀመጫቸው ይነሣሉ።

ፊልም ነው የሠራሁት በጭንቅላቴ!

ለባንቺ አልነገርኳትም። ዛሬ ቅዳሜ መንገዱ ክፍት ነው ሲባል የመጀመሪያውን ሚኒባስ ያዝኩ። ደብረ ወርቅን አለፍን፣ ጉንደ ወይንን አለፍን፣ እኔ እጄን ወደፊት ወደ ኋላ እያልኩ ምቴን እለማመዳለሁ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት «ልጄ፣ ክንድህን ያምሃል እንዴ?» አሉኝ። «የለም እማማ፣ ስፖርት ነው» አልኳቸው። ቦርሳቸውን ወደ ሌላኛው ጎን አዞሩ።

ሞጣ ደረስኩ። ፑል ቤቱን ለማግኘት አልተቸገርኩም። ወለሉ ተጠርጎ ውሃ ተርከፍክፎበታል፣ ስቲኮቹ ግድግዳው ላይ በቁመታቸው ተደርድረዋል። አምስት ስድስት ሰው አለ። ግድግዳውን ተደግፈው፣ ጋቢያቸውን ጭናቸው ላይ አጥፈው የተቀመጡ ሽማግሌ አየሁ። አፍንጫቸው የባንቺ ነው። ጋሽ ይልቃል መሆናቸውን ያኔውኑ አወቅኩ።

ጎንበስ ብዬ ሰላምታ ሰጠሁ።

«እንደምን ዋልክ ልጄ። ከየት ነው?»

«ከቢቸና ነኝ ጋሼ፣ ለሥራ ጉዳይ መጥቼ ነው።»

«ሥራህ ምንድን ነው?»

«ሰርቬየር ነኝ።»

«መሬት የምትለኩት?»

«አዎ ጋሼ።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ጥሩ ሥራ ነው» አሉ። «ፑልስ ትችላለህ?»

«ትንሽ ትንሽ እሞክራለሁ» አልኩ። ይህን የምንለው በጣም የምንችል ሲመስለን አይደል?

«እስቲ ሞክር» ብለው በእጃቸው አሳዩኝ።

አንዷን ኳስ ማዶ ጉድጓዱ አፍ ላይ አስቀመጥኩ። ነጯን ወዲህ ጫፍ አደረግኩ። ሰዎቹ ከሩቅ ልመታ መሆኑን ሲያዩ ወሬያቸውን አቆሙ። ዝቅ አልኩ። ትንፋሼን ያዝኩ። መታሁ።

ኳሷ ገባች!

ነጯ ቆመች።

ቆመች ስላችሁ፣ ቆመች! እኔ እጠብቃታለሁ፣ እሷ እዚያው ናት። በዓይኔ ነይ ነይ እላታለሁ። ንቅንቅ የለም!

ጋሽ ይልቃል «መንገድ አድክሞህ ይሆናል፣ ድገመው» አሉኝ።

ደገምኩት። አሁን ትንሽ ጉልበት ጨመርኩ። ነጯ ሌላዋን ተከትላ ሄዳ ጉድጓድ ገባች። ከኋላዬ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ።

ሰው እዚህ ጋ ያቆማል። ጤነኛ ሰው ማለቴ ነው።

እኔ ግን በጣም ዝቅ ብዬ፣ የስቲኩን ኋላ ወደ ሰማይ አንሥቼ፣ ባለ በሌለ ኃይሌ ከሥሯ ገባሁባት። ነጯ ተነሣች። ከጠረጴዛው ወጣች። በአየር ላይ ሄዳ ጋሽ ይልቃል ጭን ላይ፣ ከታጠፈው ጋቢ መሐል ዱብ አለች።

«ኧረ ይሄስ መረብ ኳስ ነው!» አለ አንዱ። ቤቱ ሳቀ።

ጋሽ ይልቃል አልሳቁም። ነጯን አንሥተው፣ በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡልኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን መጀመሪያ ያልኳችሁ ጉድ ጋ ደረስን። ያኔ «ይቅርታ፣ አልቻልኩም» ብል ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ። አፌ ግን እኔን ሳይጠይቅ ተከፈተ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ጠረጴዛዎ ያዘመመ ይመስለኛል።»

ሰዎቹ ተያዩ። የአንድ ሰው ጠረጴዛ ያዘመመ ነው ማለት ለካ ትልቅ ነገር ነው!

«ወዴት በኩል?» አሉ በእርጋታ።

«ወደ ግድግዳው» አልኩ። እንዲህ ብቻ ብዬ ብቆም ምን ነበረበት? «በሙያዬም ስለሆነ አይጠፋኝም» ብዬ ጨመርኩ። ከዚያ ተንበርክኬ ሥሩ ገባሁና እግሮቹን አንድ በአንድ መመርመር ጀመርኩ። እየነቀነቅኩ! «እህ» እያልኩ!

ከጠረጴዛው ሥር ሆኜ ያየሁት የጋሽ ይልቃልን ጫማ ነው። ተነሥተው ወደ አንድ ሣጥን ሲሄዱ፣ ከዚያም ተመልሰው ሲመጡ። ስወጣ በእጃቸው በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል።

ፈቱት። ውሃ ልክ ነው። ግንበኞች ሥራቸው አለማዘንበሉን የሚያዩበት፣ መሐሉ ላይ ውሃና አረፋ ያለበት፣ ታውቁታላችሁ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። አረፋዋ መሐል ላይ ቆመች። በወርዱ አዞሩት፣ መሐል። በአራቱም ጥግ እየወሰዱ አሳዩኝ፣ መሐል፣ መሐል፣ መሐል፣ መሐል!

«ጠዋት ጠዋት ሳልከፍት አያታለሁ» አሉ። «ዕድሜዬን ሙሉ ግድግዳ ሳቆም ነው የኖርኩት።»

ወለሉ ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ። ግን የዚያ ቤት ወለል ጠንካራ ነው፣ ራሳቸው ናቸው የሠሩት።

«የቢቸናውን ጠረጴዛስ ለክተኸዋል?» አሉኝ።

«የቱን የቢቸና ጠረጴዛ ጋሼ?»

«በበሩ በኩል ቆመህ የምትመታበትን።»

ይህን ደግሞ በየት አወቁ?

«ሰባተኛውን አይቼዋለሁ» አሉ። «አምስተኛው ይሻላል።»

ክፍል አምስት! አባቷ ሁሉንም አይተውታል! ከበር ስገባ ጀምሮ ማን እንደሆንኩ ያውቃሉ! ያ ሁሉ «ከየት ነው፣ ሥራህ ምንድን ነው» ለካ እኔ እውነቱን እናገር እንደሆነ ሊያዩ ነው።

«ባንቺአየሁ ናት ያሳየችን። እናቷ ወደደችው። እኔ ግን ነጯን አልነበረም የማየው፣ የቀሩትን ነው። እዚያ ቤት የደከመች ኳስ ሁሉ ወደ በሩ ትሄዳለች። ነጯም፣ ቢጫዋም፣ ቀይዋም። አንተ አልመለስካትም ልጄ፣ ቁልቁለቱ ነው የመለሳት።»

ዓይኔን ከጠረጴዛው አላነሣሁም።

አሁን ለእናንተ እውነቱን ልናገር፣ ለሳቸው ያልነገርኳቸውን።

አይቼ ነበር።

ክፍል ሁለትን ስንቀርጽ አንድ ጊዜ በመስኮቱ በኩል ቆሜ መታሁ። ነጯ አልተመለሰችም፣ እንዲያውም ከእኔ ሸሸች። ለስመኘው «በዚህ በኩል ብርሃኑ ጥሩ አይደለም» አልኩት። ከዚያ ወዲህ በመስኮቱ በኩል ቆሜ አላውቅም። ያ ቤት ደግሞ ድሮ መኪና ማጠቢያ ነበር! ወለሉ ውሃ ወደ በሩ እንዲፈስ ተብሎ ተዳፋት የተሠራ መሆኑን አውቃለሁ። እኔ ገበሬ ማሳ ላይ ቆሜ ተዳፋቱን በዓይኔ የምገምት ሰው ነኝ። ያንን ጠረጴዛ ግን አንድም ቀን አልለካሁትም። መልሱን ስላልፈለግኩት ነው። አፈርኩ፣ ከምር አፈርኩ።

ጋሽ ይልቃል ከሰው ፊት ብዙ አላቆዩኝም። «ና» አሉኝና ስቲኩን የያዝኩበትን እጅ አዩት። «ይሄ የዶማ አያያዝ ነው። ላላ አድርግ።» አላላሁ። «ኋላውን አታንሣ፣ ጋደም ይበል። ዝቅ ብለህ ምታት፣ ግን ስትነካት አትቁም፣ እለፋት። ግድግዳ ስትለስን እጅህን መሐል ላይ ታቆማለህ?»

ለስኜ አላውቅም። «የለም ጋሼ» አልኩ።

የስቲኩን ጫፍ ጠመኔ አስነክተው ራሳቸው መቱ። ጉልበት አላየሁም። ኳሷ ማዶ ገባች፣ ነጯ ለቅጽበት ባለችበት ተሽከረከረችና ተመለሰች። ያን ሁሉ ጠረጴዛ አቋርጣ መጥታ እጃቸው አጠገብ ቆመች። ማንም አልጮኸም። ሰዎቹ ለምደውታል።

እኔ ግን ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሳቁ እንጂ! ሦስት ወር ሙሉ ሳስተምረው የነበረውን ነገር ገና ዛሬ ማየቴ ነው።

ልወጣ ስል ጠሩኝ። ውሃ ልኩን በጨርቁ ጠቅልለው ሰጡኝ።

«ያንን ጠረጴዛ ለካው» አሉ። «ያገኘኸውን ስታስተምራቸው ለነበሩት ሰዎች ንገራቸው። መናገር ከከበደህ ውሃ ልኩን በሚኒባስ ላክልኝ፣ አልቀየምህም። ከነገርካቸው ግን...»

ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«ከነገርካቸው እሑድ ሽማግሌዎችህ ያምጡልኝ።»

ወገን! ሲመለስ ሚኒባስ ውስጥ ያን ውሃ ልክ እንደ ታቦት ነው የታቀፍኩት። መንገድ ላይ ኔትወርክ ሲመጣ የባንቺ ሜሴጅ ገባ። «ሞጣ ሄድክ አይደል? አባዬ ደውለው ሲስቁ ነበር። እንዲህ ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም። ኳስ ወረወርክባቸው እንዴ???» ሦስት የጥያቄ ምልክት። እስካሁን አልመለስኩላትም፣ ይህን ታንብበው።

አሥር ሰዓት ላይ ቢቸና ገባሁ። በቀጥታ ስመኘው ጋ። ውሃ ልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። አረፋዋ መሐል ላይ አንድ ሰከንድ አልቆየችም፣ ሮጣ መስኮቱ ጥግ ተለጠፈች። ጣውላ አምጥቼ በበሩ በኩል ባሉት እግሮች ሥር ላደርግ ስል ስመኘው እጄን ያዘኝ። «ባክህ ተወው! ሰው የሚመጣው እኮ እዚህ ቤት ነጯ ስለምትመለስለት ነው!»

እጄን አስለቅቄ ገፋሁት፤ ሁለት ጣት የሚሆን ጣውላ ገባ። ሁለት ጣት! የእኔ ሰባት ክፍል ኮንፊደንስ ሲለካ ሁለት ጣት ነው።

ስለዚህ ይኸው በይፋ፦ ክፍል አንድ እስከ ክፍል ሰባት ውሸት ነው። ያስተማርኳችሁን ሁሉ እርሱት። የሉማሜው ወንድሜ፣ አንተ ነጯ አልመለስ ስትልህ ጠረጴዛህ ትክክል ነበር። እጅህም ከእኔ እጅ አይብስም። ይቅርታ አድርግልኝ። የሳቅ ኢሞጂዎቹንም አጥፍቻቸዋለሁ።

ከዚያ በተስተካከለው ጠረጴዛ ላይ ከሩቅ ሞከርኩ። ነጯ ገባች። ሞከርኩ፣ ገባች። ሞከርኩ፣ ቆመች። ስመኘው ስልኩን ኪሱ ከተተው፣ የሚቀረጽ ነገር የለም። እጄን አላላሁ። ስቲኩን ጋደም አደረግኩ። ስነካት አልቆምኩም፣ አለፍኳት።

ኳሷ ገባች። ነጯ ተመለሰች።

አንድ ስንዝር።

አትሳቁ! አንድ ስንዝር ብቻ፣ ግን በገዛ እጄ የተመለሰች ስንዝር ናት። በስንዝሬ ለክቻታለሁ፣ በሙያዬም ስለሆነ።

ስክሪንሾት የለም ያልኩትንም ትቼዋለሁ። ሼር አድርጉት፣ ሞጣ ይድረስ።

አሁን አንድ ነገር ብቻ አማክሩኝ። ነገ ከቅዳሴ በኋላ የኔታ ጋ መሄዴ ነው። ሰው ሁሉ ሽማግሌ ሲልክ ማር ያስይዛል፣ ጠጅ ያስይዛል። እኔ የኔታን፣ ያንን የመሰለ ጥቁር ካባ ለብሰው ሊለምኑልኝ የሚሄዱትን ሰው፣ «በብብትዎ ይቺን ውሃ ልክ ይዘው ይግቡ» ብዬ እንዴት ነው የምነግራቸው?